ዶሪን ካራቫኗን እንዴት እንደለመደቻት

ከኦሮሩ ከተማ በስተሰሜን ባለው ደረቅ አገር ዶሪን ሃድሪክን የማያውቅ በግ ሸላች አልነበረም። የሸላቾች ምግብ አብሳይ ነበረች። ሸላቾቹ ከአንዱ እርባታ ወደ ሌላው ሲዞሩ እሷም ቢላዋዎቿንና ትልልቅ ድስቶቿን በመኪናዋ ጭና አብራቸው ትዞራለች፤ እነሱ ሳይነሱ ተነስታ ምድጃውን ታነዳለች፣ እነሱ ጠግበው ሲተኙ እሷ ገና መጥበሻ ትፈገፍጋለች። ሙሉ የታረደ በግ ብቻዋን ብልት በብልት ታወጣለች። ወጧን የነቀፈ ጎረምሳ ካለ፣ «እናትህ ጋ ሄደህ ብላ» ብላ ሳህኑን ከፊቱ ታነሳበታለች። ሁለተኛ የነቀፈ የለም።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ዘመን ከቤቷ ወጥታ በራሷ አልጋ ተኝታ አታውቅም። ለአብሳይ የሚሰጣት ክፍል የትም ቢሆን ያው ነው፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ፍራሹ ከማን እንደተረፈ የማይታወቅ፣ በሩ በድንጋይ ተደግፎ የሚዘጋ። ባሏ ገና በጠዋቱ ጥሏት ሄዷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ ብቸኝነቱ እምብዛም አልከበዳትም። የከበዳት የሰው ፍራሽ ነው።

ስልሳዎቹን እንደተሻገረች ጉልበቷ አስቸገራትና ሥራውን ተወች። በዚያው ሰሞን፣ ፒተርቦሮ ከተማ ያሉ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ዓይናቸው ስለደከመ ትንሽ ተጎታች ቤታቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማችና ለማየት ያህል ብላ ሄደች። ለማየት ያህል የሄደ ሰው መቼ ባዶ እጁን ይመለሳል! ካራቫኗ ነጭ ናት፤ ወገቧ ላይ አረንጓዴ መስመር ዞሮባታል። ውስጧ አንድ አልጋ፣ ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት ጠረጴዛ አላት። ዶሪን ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ከፈተችው። ደግማ ዘጋችው። በሩ ጠቅ ብሎ ይቆለፋል።

«እወስዳታለሁ» አለች። ዋጋዋን ገና አልጠየቀችም።

ጎትቶ ያመጣላት ታላቅ ወንድሟ ክላይቭ ነው። ክላይቭ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ሲሆን እህቱን ካላበሸቀ ቀኑ የዋለለት አይመስለውም። ካራቫኗን ጓሮ ካለው የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር አቆመላትና ዙሪያዋን እየዞረ አያት።

«የዶሮ ቤት ነው እንዴ የገዛሽው?» አላት። «ዶሮዎቹስ?»

«አንተን አስገባበታለሁ። እንቁላል መጣልህን ግን እጠራጠራለሁ።»

እንዲህ እየሳቁ ተለያዩ። የዶሪን ሳቅ ግን ብዙ አልቆየም።

ነገሩን ያበላሸው የከተማው ክበብ ነው። ኦሮሩ ትንሽ ናት፤ ማታ ማታ ሰው ሁሉ ለአንድ ብርጭቆ ቢራ እዚያ ይሰበሰባል፤ ዶሪን ካራቫን መግዛቷም ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። መልካም ጉዞ ያላት የለም። ሁሉም ያየውን መዓት ሊነግራት ተሰለፈ።

«የጎማውን ኩሽኔታ አይተሽዋል?» አለ አንዱ። «የአጎቴ ልጅ እየነዳ ሳለ አንድ ጎማ በጎኑ ሲያልፈው አየ። ‹ይሄ ደግሞ የማን ጎማ ነው?› አለ። የራሱ ነበር።»

«ጎማስ ይታያል» አለች ሌላዋ። «የሚፈራው ውሃ ነው። በጣሪያ ገብቶ ግድግዳውን ከውስጥ ሲያበሰብሰው ከውጭ ምኑም አይታወቅም። እህቴ አንድ ቀን ደገፍ ብትል ክርኗ ወደ ውጭ ወጣ!»

«ጋዙስ?» አለ ሦስተኛው ራሱን እየነቀነቀ። «ስለ ጋዙ ባልነግርሽ ይሻላል» አለና ቁጭ ብሎ ነገራት።

ዶሪን ቤቷ ገብታ ስልኳ ላይ ስለ ካራቫን ማየት ጀመረች። አለማየት ይሻላት ነበር። ፍሬን የበጠሰች፣ ገደል የገባች፣ በነፋስ የተገለበጠች፣ አይጥ ሽቦዋን የበላባት ካራቫን ሁሉ እየተከታተለ መጣላት። ሃያ የተራበ ወንድ አስፈራርቷት የማያውቅ ሴት ዛፍ ሥር የቆመች ነጭ ሣጥን ፈራች። ጠዋት ጠዋት ትገባና ጠረጴዛዋ ጋ ትቀመጣለች። ሻይዋን ግን ቤት አፍልታ፣ በኩባያ ይዛ፣ ጓሮውን አቋርጣ ነው የምትመጣው፤ የካራቫኗን ምድጃ ለመለኮስ እጇ አልታዘዝ አላት። ክላይቭ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል አያት።

«ዶሪ፣ ሻይ ይዘሽ የት ነው?»

«ጉዞ ላይ ነኝ።»

«ታዲያ ስትደርሺ ንገሪኝ» ብሎ ሄደ።

በሰኔ ወር ዝናቡ መጣ። ያ አገር ሲዘንብበት እንዲህ ነው፤ ወራት ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ይለቀዋል። ዶሪን ጠዋት ገብታ አልጋዋን ብትነካው ውሃ ጠጥቷል። ቀና ብላ አየች፤ ከጣሪያው መስኮት ጠርዝ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከአልጋው ራስጌ ግድግዳውን በጣቷ ገፋ ስታደርገው ኮምፔንሳቶው እንደራሰ ብስኩት ገባ አለላት። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የክበቡ ሰዎች እውነታቸውን ነው አለች በሆዷ።

ቬርና የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው። ቬርና ከመንገዱ ማዶ ነው ቤቷ። በመሸለቻው አዳራሽ የበግ ፀጉር እየለየች ከዶሪን ጋር ብዙ ዘመን የሠራች ባልንጀራዋ ናት። ወገኖቿ በግ የሚባል ነገር እዚያ አገር ከመምጣቱ አስቀድሞ ጀምሮ በስተሰሜን ያሉት ተራሮች ሰዎች ናቸው፤ እሷም ቀይ አቧራ በጠገበች አሮጌ የጭነት መኪናዋ ተራራውን እየተመላለሰች ዘመዶቿን ትጠይቃለች። መኪናዋ ስትበላሽ ከራሷ በቀር የሚነካት የለም።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ እርጥብ ድመት የተቀመጥሽው?» አለች ቬርና።

«እሸጣታለሁ።»

«ማንን?»

«ካራቫኗን ነዋ። በስብሳለች።»

ቬርና ገብታ ጣሪያውን አየች፣ ግድግዳውን በጣቷ ገፋች፣ ወጣች።

«የበሰበሰው የሳህን ያህል ቦታ ነው። ቤትሽ ቢያፈስ ቤትሽን ትሸጫለሽ?»

«ቤቴን አውቀዋለሁ። ይቺን አላውቃትም።»

«ስሚ እስቲ፤ ሙላቢ እርባታ እያለን የምድጃው በር ተገንጥሎ ሲወድቅ ምን አደረግሽ?»

«በሽቦ አሰርኩት።»

«ቧንቧው በውርጭ ሲፈነዳስ?»

«በብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ጠመጠምኩት።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማን ያስተምረኛል? ያ ሁሉ ሰው ርቦት ሳህን እያንኳኳ!»

«እንግዲህ ይቺም እሳት፣ ውሃና ጣሪያ ናት። አዲስ የሆነብሽ ጎማዋ ብቻ ነው።»

«እሱስ ቢሆን ትንሽ ነው?»

«ጎማ ይሽከረከራል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም» አለች ቬርና። «እኔ ግን እጄን አላስገባም። ወንበር ይዤ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ ስትሳሳቺ እስቃለሁ።»

«እሱንማ ስትሠሪው የኖርሽው ሥራ ነው» አለች ዶሪን፤ ተነስታም መሰላል ልታመጣ ሄደች።

ጣሪያው ላይ ስትወጣ ነገሩ እንደፈራችው ሆኖ አላገኘችውም። መስኮቱ ዙሪያ የተቀባው አሮጌ ሲሊኮን ፀሐይ በልቶት ተሰነጣጥቋል፤ ውሃው የገባው በዚያ ነው፣ ሌላ ቀዳዳ የለም። ኬክ በምታለሰልስበት ቢላዋ አሮጌውን ፍቃ ፍቃ አነሳችው፣ በአልኮል ጠረገችው፣ አዲሱን ሲሊኮን ጠርዙን ተከትላ አዞረችበት። ኬክ ላይ ክሬም ስታዞር የኖረች እጅ ናትና መስመሩ አልተንቀጠቀጠባትም።

«ስምሽንም ጻፊበት» አለቻት ቬርና ከታች። «የልደት ኬክ አስመሰልሽው።»

ከደረቀ በኋላ ቬርና በውሃ ማጠጫ ቱቦ ጣሪያውን አጥለቀለቀችው፤ ዶሪን ውስጥ ሆና ቀና ብላ ጠበቀች። ጠብ ያለ የለም። የበሰበሰውን ግድግዳ በመጋዝ ቆርጣ አወጣችው፣ ውስጡን በር ከፍታ ለሳምንት ያህል በነፋስ አደረቀችው፣ በልኩ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ መታችበት። ቀለሙ አልገጠመላትም፤ ትንሽ ወደ ቢጫ ይላል። ግድ አልሰጣትም።

ለጋዙ ባለሙያ ጠራች፤ ጋዝ የሥራ ፈቃድ ከሌለው ሰው እጅ አይገባም። ሰውዬው መጥቶ ቱቦውን ለወጠና መገጣጠሚያዎቹን ፈተሸ። ከዚያ ሲሊንደሩን ከፍቶ የሳሙና ውሃ ቀባበት።

«ጋዝ የሚያመልጥ ከሆነ አረፋ ይነፋል። ሲሊንደር በለወጥሽ ቁጥር እንዲህ አድርጊ። አረፋ ካየሽ ዘግተሽ ጥሪኝ፤ ካላየሽ ሻይሽን አፍዪ።»

አረፋ አልታየም። ዶሪን ክብሪት ጫረች። ሰማያዊው እሳት ቦግ ሲል የጋዙን ሰው በግድ አስቀምጣ ሻይ አጠጣችው።

የቀረው ጎማ ነው። ካራቫኗ እንዳትንሸራተት በሌላው ጎን ባለው ጎማ ሥር ድንጋይ አስገብታ፣ በክሪክ አንስታ፣ የጎማውን እምብርት ክዳን በካቻቢቴ ፈልቅቃ ከፈተችው። ኩሽኔታው ወጣ፤ ዙሪያውን ትናንሽ የብረት ጥቅልሎች የተደረደሩበት ቀለበት ነው። አሮጌው ግራሶ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ሆኗል። በነጭ ጋዝ አጥባ አደረቀችው፤ ከዚያ አዲሱን ግራሶ መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ቅቤ ዱቄት ውስጥ እንደምታሸው፣ በየጥቅልሉ መሃል በጣቷ እየጨመቀች አስገባች።

«አሁን ዳዶውን ስታጠብቂ ጎማውን አሽከርክሪው» አለች ቬርና ከወንበሯ ላይ ሆና። «ከጠበቀ በኋላ ግን ትንሽ መልሰሽ ላላ አድርጊው። አንቆ መያዝ የለበትም፤ መተንፈሻ ይፈልጋል።»

የግራውን እንዲያ አደረገች። ቀኝ በኩል ዞራ ዳዶውን አጥብቃ እንዳበቃች ስልኳ ጮኸ። ግራሶ በነካ እጇ አነሳችው። መርቭ ነበር፤ ሸላቾቹን የሚያሰማራው አለቃ።

«ዶሪ! በሕይወት አለሽ?»

«ምን ፈለግህ?»

«አብሳዩ ጥሎን ሄደ። ከሸላቾቹ አንዱ ሾርባውን ‹የበግ ማጠቢያ› አለበት፤ አብሳዩም ኮፊያውን አንስቶ መኪናው ውስጥ ገባ፣ በቃ። ሙላቢ ነን። ልጆቹ የታሸገ ባቄላ እየበሉ እኔን በክፉ ዓይን ያዩኛል።»

«ሥራ ትቻለሁ እኮ መርቭ። ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ አልተኛም።»

«ክፍሉማ የለም። ጣሪያውን ነፋስ ወስዶታል። ካራቫን ገዝታለች ሲሉ ሰምቼ ነው የደወልኩት። ይዘሻት ነይ፤ የምታቆሚበት ቦታ አለኝ።»

ዶሪን ካራቫኗን አየቻት። አንድ ጎማዋ በክሪክ ተነስቶ እንደ አንካሳ ቆማለች።

«ነገ እመጣለሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ ለራሷም ገረማት። ስልኩን ዘግታ ዳዶው እንዳይፈታ ማገጃውን ሽቦ አስገባች፣ ክዳኑን መታ መታ አድርጋ ገጠመች፣ ካራቫኗን አወረደቻት።

ክላይቭ የልጅ ልጆቹን ሊያይ አደላይድ ነበር። ደውላ ስትነግረው ጮኸባት።

«ብቻሽን? አብደሻል? ቅዳሜ እመለሳለሁ፣ እኔ እጎትትልሻለሁ።»

«እስከ ቅዳሜ ሸላቾቹ ምን ይብሉ? አንተን?»

«ኋላ ማርሽ አስገብተሽ መመለስ እንኳ አትችዪም!»

እሱስ እውነቱን ነው። ስለዚህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሷና ቬርና ካራቫኗን ከመኪናዋ ጋር አያያዙና ወደ ኳስ ሜዳው ወሰዷት። መጀመሪያ ቬርና ከኋላ ቆማ «ግራ! ቀኝ! ፍሬን!» እያለች ፍሬቻዎቹን ተመለከተች፤ ሁሉም ይበራሉ። ወደ ኋላ መመለሱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር ካራቫኗ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ወደ ግራ ስታዞር ወደ ቀኝ። የሜዳውን የቆሻሻ በርሜል ገጭታ ጣለችው። ቬርና ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«በርሜሉ ቆሞ ነበር እኮ! መንገድሽ ላይ አልገባም!»

«ሳቂ፣ ሳቂ። አንቺስ ስንት ዓመት ፈጀብሽ?»

«መሪውን ከታች በኩል ያዢው» አለች ቬርና እንባዋን እየጠረገች። «እጅሽን ወደምትወስጂበት ቂጧ ይሄዳል። በዝግታ። ከተጣመመ ወደ ፊት ሄደሽ እንደገና ጀምሪ፤ የሚያባርርሽ የለም።»

ዶሪን መሪውን ከታች ያዘች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ካራቫኗን በሁለቱ የጎል ብረቶች መሃል ቀጥ አድርጋ አስገባቻት። ቬርና በፉጨት ጎሉን አጸደቀች።

በማግስቱ መንገድ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች መስታወቱን እንጂ መንገዱን ያየችው አይመስልም፤ ካራቫኗ ከኋላዋ መኖሯን ደጋግማ ታረጋግጣለች። ቀስ በቀስ ግን ትከሻዋ ረገብ አለ። ስንዴው አበቃ፣ ቁጥቋጦው ጀመረ፣ ተራሮቹ በስተፊት ሰማያዊ ሆነው ብቅ አሉ። ካሪተን የምትባል መንደር ላይ ቆመችና ቬርና እንደመከረቻት፣ እንዳልጋለ ለማወቅ፣ እጇን በየጎማው እምብርት ላይ አደረገች። ግራው ለብ ብሏል። ቀኙ ይሞቃል። ምናልባት ፀሐይ የመታው ጎን ነው ብላ ነዳች። ሆከር ከተማ ልትደርስ ስትል ደግማ ቆመች። አሁን ቀኙ ላይ እጇን ማቆየት አልቻለችም።

ከመንገዱ ወጥታ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር አቆመች። የሚያልፍ መኪና የለም፤ ስልኳም አይሠራም። የክበቡ ሰዎች በሙሉ መጥተው ዙሪያዋን የቆሙ መሰላት። ያ ጎማው ያለፈው ሰውዬ፣ ክርኗ የወጣው ሴትዮ፣ ክላይቭ «አብደሻል?» እያለ። ከዚያ፣ የጋለ ነገር ከምድጃ ስታወጣ እንደምታደርገው፣ እስኪበርድ አይነካም አለችና ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ የቋጠረችውን ዳቦ በበግ ሥጋ መብላት ጀመረች።

ግማሹን እንደበላች ትዝ አላት። ቀኝ ጎማ። ዳዶውን አጥብቃ ጨርሳ ነበር፤ መርቭ ደወለ። መልሳ ላላ አላደረገችውም። መተንፈሻ አልሰጠችውም!

ጮክ ብላ ሳቀች። መዓት አይደለም፤ የእጇ ሥራ ነው። በእጅ የጠበቀ በእጅ ይላላል።

ድንጋይ ፈልጋ በግራው ጎማ ሥር አስገባች፣ ክሪኩን ደገነች፣ ቀኙን አነሳች። ጎማውን ልታሽከረክረው ስትሞክር እየተንገራገጨ ትንሽ ዞሮ ቆመ። ክዳኑን ከፈተች፣ ሽቦውን አቃንታ መዘዘች፣ ግራሶውን በጣቷ አይታ አሸተተችው። አልተቃጠለም፣ አልጠቆረም፤ ጊዜ ሳያልፍ ደርሳለች። ዳዶውን አላላችው፣ ጎማውን እያሽከረከረች ቀስ ብላ መልሳ አጠበቀችው፣ ትንሽ ደግሞ መለሰችው። ጎማውን በአንድ ጣት ገፋ ብታደርገው ሳይንሿሿ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው፤ አይወላገድም። ሽቦውን መልሳ አጥፋ ክዳኑን ስትመታ በግ የጫነ ትልቅ መኪና አጠገቧ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ምን ልርዳሽ እናት? ሆከር ድረስ ተመልሼ መካኒክ ልላክልሽ?»

«መካኒኳ ጨርሳለች። ውሃ ካለህ ግን እጄን አስታጥበኝ።»

ሰውዬው ጀሪካኑን ይዞ ወርዶ ውሃ አፈሰሰላት። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት።

«ሙላቢ፣ ለሸላቾች ላበስል።»

«ኧረ ፍጠኚላቸው! ትናንት በጎቹን ስጭን የባቄላ ቆርቆሮ እንደ ተራራ ተቆልሎ አይቻለሁ።»

ሆከርን አልፋ ቆመች፤ ቀኙም ግራውም ለብ ብቻ ብለዋል። አስፋልቱ አብቅቶ ጠጠሩ ሲጀምር ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ሬዲዮ ከፈተች። ድስቶቿ ከኋላ ይንኳኳሉ። ከመቼ ጀምሮ እንዳልፈራች አላስተዋለችም።

ሙላቢ ስትደርስ ሸላቾቹ ሥራ ጨርሰው በረንዳው ላይ ተደርድረው ቢራ እየጠጡ ነበር። መርቭ እጁን እያወዛወዘ ወጣና ከማብሰያ ቤቱ ጎን፣ በግድግዳውና በውሃ ታንከሩ መሃል ያለች ጠባብ ቦታ አሳያት።

«እዚያ ውስጥ አስገቢያት። ልጆቹን ልጥራልሽ፣ ይግፉልሽ?»

«ልጆቹ ቢራቸውን ይጠጡ።»

በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ለማየት ተነሳ። ሴት አብሳይ ካራቫን ወደ ኋላ ስትመልስ ማየት ለእነሱ ከኳስ ይበልጣል። በመጀመሪያው ሙከራ ተጣመመች። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ዶሪን መስኮቷን አወረደች።

«እራት የሚፈልግ አፉን ይዝጋ!»

ሁሉም ዘጋ። ወደ ፊት ሄዳ እንደገና ጀመረች። አሁንም ለታንከሩ ተጠጋችና ተወችው። በሦስተኛው መሪውን ከታች ይዛ፣ እንደ ኳስ ሜዳው፣ በዝግታ፣ ካራቫኗን ግድግዳና ታንከር ሳታስነካ ቦታዋ ላይ አኖረቻት። መርቭ ኮፊያውን አነሳላት፤ በረንዳው በጭብጨባ ተናጋ። ያን ማታ የበግ ጥብስ ከድንችና ከዱባ ጋር፣ ከላዩ ደግሞ የፖም ኬክ ቀረበ። ሾርባ የሚባል ነገር ያነሳ የለም።

ሥራው ሳያልቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል ነፋስና ዝናብ መጣ። ሸላቾቹ እየሮጡ ተጠለሉ፤ የመሸለቻው ጣሪያ እንደ ከበሮ ጮኸ። ዶሪን ዳቦዋን ምድጃ ውስጥ ትታ ወደ ካራቫኗ ሄደች። ራስጌው ላይ ያለውን ቢጫ ግድግዳ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ጣሪያውን አየችው፤ ደረቅ ነው። ትንሽ ተጋደመችና ዝናቡን አዳመጠች። ዳቦው ትንሽ አረረ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ አሳርራ የማታውቅ ሴት።

የመጨረሻው በግ ተሸልቶ ሲወጣ መርቭ መጣ።

«የሚቀጥለው እርባታ ብሊንማን አጠገብ ነው። ትመጪያለሽ አይደል?»

«አልመጣም።»

«ለምን? ክፍያው አልበቃሽም?»

«ክፍያው ምንም አላለም። ወደ ባሕር ዳርቻ ልሄድ ነው። ሁልጊዜ እናንተ ወደሄዳችሁበት ነው የሄድኩት፤ አሁን ተራው የእኔ ነው። የሚመጣው ዓመት ሙላቢን እሠራልሃለሁ፤ ሌላውን ግን እኔ የምመርጠውን።»

መርቭ ሳይከራከር እጁን ዘረጋላት። ዶሪን ሳህን ስታነሳ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ነዳች፤ ሰፊውን የስንዴ አገር አቋርጣ ስትሪኪ ቤይ ደረሰችና ባሕሩ ፊት ለፊት አቆመች። ጠዋት በሯን ስትከፍት ወፎቹ ጀልባዎቹ ላይ ተሰልፈው ታያለች፤ ሻይዋን በራሷ ምድጃ ታፈላለች። ጎረቤት ያሉ ሰዎች ዓሣ ሲያመጡላት ትጠብስላቸዋለች። አንድ ቀን የውሃ ፓምፗ ዝም አለባት፤ ፈታችው፣ ውስጡ የተሸጎጠ ትንሽ አሸዋ አገኘች፣ አጥባ መለሰችው፣ ሠራ። እንደ ወሬ እንኳ ለማንም አልነገረችም።

ክላይቭ አሥር ጊዜ ደወለላት። መጀመሪያ ደህንነቷን ሊጠይቅ፣ ቀጥሎ የአየሩን ሁኔታ፣ ቀጥሎ የዓሣውን። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ዶሪ፣ እኔና ሚስቴ ለፋሲካ ትንሽ ዓሣ ብናጠምድ ብለን ነበር። ካራቫኗን ብትሰጪን…»

«ጎትተህ ያመጣሃት ጊዜ ጎማዋን አይተህ ነበር?»

«ምኑን አያለሁ? ይዞራል።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እኔ ጋ መጥተህ ሁለቱንም ጎማ ትፈታለህ፣ ግራሶ ትቀይራለህ። እኔ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።»

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እስቃለሁ» አለች ዶሪን፤ ድስቱ ሲገነፍል ሰምታ ስልኩን ዘጋች።